ዘብና ዘበኛ

በዚያ ዘመን አንኮበር ላይ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም። መኩራራቱን ያኔ በወጣትነቴ ጨርሼዋለሁ፤ የማወራላችሁም ነገር የመጣው ከዚያው ኩራት ነው።

የሰላ ድንጋይ ሰው ነኝ። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ዳዊት ደግሜ፣ ዲቁና ተቀብዬ፣ የግእዝ ሰዋስው ጀምሬ ሳለሁ ወደ ባሕር የሚወርድ አንድ ፈረንጅ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁና ተከትዬው ወረድኩ። ዐደን ላይ አራት ዓመት ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ቄስ ናቸው። ቄሱ ከመጽሐፍ ውጭ ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም፤ እኔም ከጧት እስከ ማታ መጽሐፉ ላይ ተደፍቼ ስለምውል ፊደሉን እንጂ ሰው ገበያ ላይ፣ ማጀት ውስጥ የሚነጋገረውን አልለመድኩም። ይህ ጉድለት መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር።

ወደ አገሬ ስመለስ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አንኮበር ተቀመጥኩ። ከባሕር በኩል የሚመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። «አስተርጓሚው መጣ» ሲባል ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ብድግ ይሉልኛል። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ «ይህን አላውቀውም» ብዬ አላውቅም፤ በመሰለኝ እሞላዋለሁ። የሚያርመኝ ማን አለ?

የግንቦት ወር ነበር። ንጉሡ ከከተማው ራቅ ብለው ስለነበሩ ችሎት የሚያስችሉት የግቢው አዛዥ ነበሩ። አዛዡ ጠንካራ፣ ቁጡ፣ ግን ነገር ሳያጣሩ የማይፈርዱ ሰው ናቸው። ጧት ከግቢው ጥድ ሥር ተቀምጠው፣ እኔም ከጎናቸው ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ደረሱ። ከበቅሎዋ ወርደው ኮርቻውን ይዘው ቆሙ። ጺማቸው አቧራ ለብሷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

ሁላችንም አወቅናቸው። የአሊዩ አምባው ሼህ ኑሩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው የሚመሩት ጠባቂ አጅቦት ነው። ከመታወቃቸው የተነሳ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነበር። «ዘበኛው ወረዱ»፣ «ዘበኛው መጡ» ነበር የሚባለው።

«አዛዥ፣ ጊዜ የለም» አሉ ሼህ ኑሩ። «ወደ ንጉሡ የሚመጣው እንግሊዝ ቆላ ላይ ታሞ ወድቋል። ለሁለት ቀን የሚሆን ውኃ ትቼለት መጥቻለሁ፤ አንዱ ቀን ትናንት አለቀ። አሊዩ አምባ ስደርስ የወንድሜን ልጆች ውኃ ይዛችሁ ውረዱ ብላቸው የኬላው ሹም ‹ያለ አዛዡ ፈቃድ ወደ ንጉሥ እንግዳ የሚጠጋ የለም› ብሎ ከለከለ። ይኸው የሰውየው ወረቀት።»

ከደረታቸው አንዲት ታጥፋ የረጠበች ወረቀት አውጥተው ሰጡ። አዛዡ ለእኔ አቀበሉኝ። ጽሕፈቱ የሚንቀጠቀጥ እጅ የጻፈው ነው፤ አራት መስመር ብቻ። ለራሴ አንድ ጊዜ አየሁትና ጉሮሮዬን ጠርጌ በአማርኛ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ዘበኛው ጥለውኝ ሄዱ። በቅሎዎቼንና የውኃ ስልቻዎቼን ወሰዱ። እኔ ታምሜ ከደረቁ ወንዝ ዳር ከግራሩ ሥር ወድቄአለሁ። እርዱኝ።»

ሰዉ ሁሉ መጀመሪያ ሼህ ኑሩን፣ ቀጥሎ የመጡባትን በቅሎ አየ። በቅሎዋ የፈረንጅ ኮርቻ ተጭናለች።

ሼህ ኑሩ በጣታቸው ወረቀቱን ጠቆሙ። ከዚያ «ወላሂ እንዲህ አላለም» አሉ። «ይህን ሲጽፍ እጁ እየተንቀጠቀጠ አስቸግሮት ክንዱን የደገፍኩለት እኔ ነኝ። በቅሎዋንም ራሱ ነው ‹ፍጠን› ብሎ የሰጠኝ፤ የቀረችን እሷ ብቻ ነበረች። የካዱት ሌሎቹ ናቸው፤ ስምንቱ።»

«ስምንት ይላል ወረቀቱ?» ሲሉ አዛዡ ወደ እኔ ዞሩ።

«አይልም ጌታዬ። ዘበኛው ነው የሚለው።»

«አንድ ነው ብዙ?»

«ስሙ አንድ ነው ጌታዬ። በእንግሊዝ ቋንቋ ብዙ ሲሆን መጨረሻው ላይ ‹ስ› ይጨመራል። በቅሎዎቹ ላይ ጨምሯል፤ ዘበኛው ላይ አልጨመረም። ሥራውን የሚናገረውን ቃል ግን በብዙ ነው የጻፈው፤ ይህም ስለ ክብራቸው ነው። እኛ ትልቅን ሰው ‹ሄዱ›፣ ‹ወሰዱ› እንደምንል ማለት ነው።»

ይህ አንቱታ የእኔ ፈጠራ መሆኑን ልንገራችሁ። ቄሱ አንድ ጊዜ፣ እንግሊዝ አንድን ሰው ፊት ለፊት ሲያነጋግር የሚለው ‹ዩ› ጥንት የብዙዎች እንደነበረ፣ ለአክብሮት ሲባል ለአንድ ሰው እንደሆነ ነግረውኛል። እኔ ከዚያች ተነሥቼ፣ በሩቅ ስለሚነሣ ሰውም እንዲሁ ይሆናል ብዬ በልቤ ሕግ አወጣሁ። ማንንም አልጠየቅሁም።

አዛዡ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «የዘረፈ ሰው እሱን የሚከስ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ይመጣል?» አሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ጥያቄው ራሱ ሼህ ኑሩን ያድናቸው ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት አላውቅበትም። «ፊደሉን አያውቁትም ጌታዬ። የሽልማት ወረቀት መስሏቸው ይሆናል» አልኩ።

ሼህ ኑሩ አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም አስተያየታቸው፤ ያላወቁትን ሰው እንደሚያዩ ነው ያዩኝ።

«እሰሩኝ» አሉ ወደ አዛዡ ዞረው። «የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። ግን ውኃ ይሂድለት።»

«ወጥመድ ቢሆንስ?» አሉ አዛዡ። «ወታደሮቼን ወዳላየሁት ቆላ አልሰድም። መጀመሪያ ቤትዎ ይፈተሽ።»

የሼህ ኑሩ እጅ በሰንሰለት ታሰረ። ከአምሳ አለቃ ደምሴና ከአሥራ አምስት ወታደሮች ጋር ወደ አሊዩ አምባ ወርጄ፣ በቤታቸው የፈረንጅ ወረቀት ቢገኝ እንዳነብ ታዘዝኩ።

ከአንኮበር አሊዩ አምባ ቁልቁለቱ ከባድ ነው። ከብርዱ ወጥተን ወደ ሙቀቱ ስንወርድ ኩታዬን አውልቄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ደብዳቤውን አዛዡ በእኔ እጅ ትተውት ስለነበር ከመቀነቴ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። መንገዱን ሁሉ «ክንዱን የደገፍኩለት እኔ ነኝ» ያሉት ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ሐሰተኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት አምጥቶ ይናገራል? ብዬ አስብና፣ መልሼ ደግሞ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እኔ አልሳሳትም እላለሁ።

የሼህ ኑሩ ቤት ተፈተሸ። ከአንድ ቁርዓን፣ ከመስገጃ ምንጣፍና ከእህል ጎታ በቀር የተገኘ ነገር የለም። ደምሴ ጎታው ውስጥ ሳይቀር እጁን ከትቶ አየ። ግቢው በጎረቤት ተሞላ። ከሰዉ መካከል አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት መርፌ ልብሳቸው ላይ እንደተሰካ ወደ እኔ መጡ። እትዬ ዘሃራ ይባላሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸው ከሼህ ኑሩ አጥር ማዶ ነው።

«ወረቀቱን ያነበብከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

በአማርኛ ጀመርኩ። በእጃቸው አቋረጡኝ።

«እሱን አይደለም። እንደተጻፈው፤ በእነሱ አፍ።»

ደነገጥኩ። «ያውቁታል?» አልኩ።

«ፊደል አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ከጊቤ ማዶ ተሰርቄ፣ ባሕር ላይ እንግሊዞች ከመርከብ አውርደው ነጻ አወጡኝ። ከዚያ ዐደን ውስጥ በአንድ መኮንን ቤት ልጆች ሳሳድግ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። አንብብ።»

ደብዳቤውን ዘረጋሁ። ወታደሮቹም ጎረቤቱም ከበቡን። «ዘ ጋርድ ሃቭ ሌፍት ሚ» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ። ‹ሃቭ› ነው ያለው ‹ሃዝ›?»

አጎንብሼ አየሁ። «ሃቭ።»

«ታዲያ ‹ሃቭ› ለብዙ ሆኖ ሳለ አንዱን ሰው ከየት አመጣኸው?»

አንቱታውን አስረዳኋቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ። አልሳቁብኝም፤ ሊስቁ ይገባቸው ነበር።

«ልጄ፣ እንግሊዝ ሰውን በሩቅ አንቱ አይልም። የገዛ ንግሥታቸውን ሲያነሱ ‹ሺ ሃዝ› ነው የሚሉት። ለንግሥታቸው ያልሰጡትን ለሼህ ኑሩ ይሰጣሉ?»

ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ግን እጄን አልሰጠሁም። «ብዙ ቢሆኑ ኖሮ ‹ጋርድስ› ብሎ ይጽፍ ነበር። ይኸው በቅሎዎቹን ‹ሚውልስ› ብሏል» አልኩ።

«በቅሎዎቹን አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጥሯቸዋል» አሉ እትዬ ዘሃራ። «‹ጋርድስ› ብትል አንድ ዘበኛ፣ ሁለት ዘበኛ፣ ሦስት ዘበኛ ብለህ ሰዎቹን ለየብቻ መቁጠርህ ነው። ‹ጋርድ› ግን ሌላ ነው። የምሠራበት ቤት ከከተማው መግቢያ አጠገብ ነበር። ጧት ጧት እመቤቲቱ በመስኮት ታይና ‹ዘ ጋርድ አር ካሚንግ› ትለኛለች። የሚመጣው አንድ ሰው አይደለም፤ ሃያ ወታደር ነው። ሁሉንም በአንድ ስም ነው የምትጠራቸው። ስሙ አንድ፣ ሰዉ ብዙ። እኛስ ዘብ እንል የለም?»

«ዘብ» አልኩ ለራሴ።

«አዎ፣ ዘብ። ለአንድ ሰውም ‹ጋርድ› ይላሉ፤ ያን ጊዜ ግን ‹ሃዝ› ይከተለዋል። ለዚህ ነው የጠየቅሁህ። ቤተሰብን ‹ፋሚሊ› ይላሉ አይደል? እመቤቴ ‹ማይ ፋሚሊ ሃቭ ጎን› ካለች ባሏም ልጆቿም ሄደዋል ማለት ነው፤ አንድ ቤት ነው፣ ውስጡ ብዙ ሰው አለ። ‹ፋሚሊስ› ያለች እንደሆነ ግን የእሷ ቤት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱም የማዶውም ቤት ተጨምሯል።»

አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? አባቴ ሰዋስው ሲያስተምሩኝ ‹መጽአ ሕዝብ›ም ‹መጽኡ ሕዝብ›ም፣ ሕዝብ መጣም ሕዝብ መጡም፣ እንደሚባል አሳይተውኝ ነበር። ሕዝብ አንድ ስም ነው፤ ግሱ ግን አንዳንዴ ሰዎቹን እያየ በብዙ ይመጣል። ሕዝብን ‹አሕዛብ› ያልን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ሕዝቦች ማለታችን ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእንግሊዝን ቋንቋ ግን ከፍ ያለና የተለየ ነገር አድርጌ ስላየሁት፣ የማውቀውን ይዤ አልቀረብኩትም። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት በጆሯቸው ብቻ የያዙትን፣ እኔ ዓይኔ ሥር ተጽፎ ሳለ አላየሁትም።

ደብዳቤውን እንደገና በአማርኛ አነበብኩት። «ዘቡ ጥሎኝ ሄደ። በቅሎዎቼንና የውኃ ስልቻዎቼን ወሰዱ።» ሼህ ኑሩ ስምንቱ ካዱ ያሉት ይኸው ነው። ሽማግሌው ከጧት ጀምሮ እውነት ሲናገሩ ነበር፤ ሰውየውም በእውነት ከግራር ሥር ውኃው እያለቀበት ነው።

«አምሳ አለቃ!» ብዬ ጮህኩ። «ተሳስቻለሁ። አሁን ወደ ቆላ ውረዱ።»

ደምሴ ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ። «ጧት አንድ ቃል፣ ከቀትር በኋላ ሌላ ቃል። የትኛውን ልመን? ወጥመድ ቢሆንና ሰዎቼ ቢያልቁ አዛዡን ምን እላቸዋለሁ?»

«አስተርጓሚው አሳሳተኝ በላቸው። እኔ ዋስ ነኝ። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሼህ ኑሩ ሰንሰለት ለእኔ ይሁን፤ አንገቴንም ቢሆን እሰጣለሁ።»

«ይህን ሁሉ ሰው ፊት ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

እትዬ ዘሃራ የደምሴን መልስ አልጠበቁም። ሴቶቹን እየጠሩ ስልቻ ውኃ ያስሞሉ ጀመር። የሼህ ኑሩ የወንድም ልጆች ግመል እየጎተቱ መጡ። ደምሴ ይህን ሲያይ «እሺ፤ የኬላውን ሹም እኔ አነጋግረዋለሁ» አለና ወታደሮቹን አስነሣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁልቁል ሄዱ።

በማግሥቱ ማለዳ ብቻዬን ወደ አንኮበር ወጣሁ። ያን ዳገት ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም። እየወጣሁ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ደብዳቤው በላብ ርሷል። «ፊደሉ በላብ ደብዝዞ ነው ያልታየኝ» ብል ማን ያውቃል? ሼህ ኑሩም ይፈታሉ፤ እኔም ስሜ አይጎድፍም። ይህን እያሰብኩ ስሄድ ልቤ ቀለል አለኝ። አንኮበር እስክደርስ ንግግሩን አሰናድቼ ጨረስኩ።

አዛዡ ጥዱ ሥር ነበሩ። ሼህ ኑሩ ታስረው በስተግራ ተቀምጠዋል። እጅ ነሥቼ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ደብዳቤውን እንደገና መርምሬዋለሁ። ወረቀቱ በላብ…»

እዚህ ላይ ሼህ ኑሩ ቀና አሉ። ስለ ራሳቸው የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። «ውኃ ሄደለት?» አሉኝ።

ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ሄዶለታል አባቴ» አልኳቸው። ከዚያ ወደ አዛዡ ዞሬ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። «ጌታዬ፣ ላብ አይደለም። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ቃሉ ዘብ ማለት ነው፤ እኔ ዘበኛው አልኩት። አንቱታውም የእኔ ነው፤ እንግሊዝ እንዲህ ያለ አንቱታ የለውም። ‹የሽልማት ወረቀት መስሏቸው ይሆናል› ያልኩትም ከራሴ ነው።»

አዛዡ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ማን ነገረህ?»

«አንዲት የአሊዩ አምባ ሴት። ልብስ ሰፊ ናቸው።»

«አስተርጓሚዬን ልብስ ሰፊ አረመችው?» ሳቅ አሉ፤ ግን ሳቃቸው ወዲያው ጠፋ። «አሁንስ ልክ መሆንህን በምን አውቃለሁ? ትናንትም እንዲሁ እርግጠኛ ነበርክ። ከቆላ ወሬ እስኪመጣ አንዱ ሐሰተኛ ነው፤ ወይ ትናንት ያልከው ወይ ዛሬ ያልከው። ከሼህ ኑሩ ጋር ቁራኛ ትሆናለህ።»

ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ታስረው መቆየት ነው። የሼህ ኑሩ አንድ እጅ ተፈታና የእሳቸው ቀኝ ከእኔ ግራ ጋር ታሰረ። ሁለት ቀን እንዲያ ዋልን። እሳቸው ሲነሡ እነሣለሁ፤ እኔ ስዞር ይዞራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ «ልጄ፣ ሰላት ደርሷል» አሉኝ። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ዲያቆን ነኝ፤ አንገቴ ላይ ማተብ አለ። የጠባቂውን ኮዳ በነጻ እጄ አንሥቼ እጃቸው ላይ ውኃ አፈሰስኩላቸው። ሲሰግዱ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ አብሬያቸው ማጎንበስ ነበረብኝ። ጠባቂው ወታደር አይቶ ሊስቅ አለና፣ የሼህ ኑሩን ፊት ሲያይ ተወው። ማታ እኔ ዳዊቴን በቃሌ ስደግም እጃቸው እንዳይንቀሳቀስብኝ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ጠበቁኝ።

«ስምንቱ ለምን ካዱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰውየው ሲታመም በሽታው ወደ እኛ ይተላለፋል ብለው ፈሩ።»

«እርስዎስ አልፈሩም?»

«ፈርቻለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

ሼህ ኑሩ ጥያቄው የገባቸው አይመስልም ነበር። «አመጣዋለሁ ብዬው ነበራ» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ እሳቸው ጠየቁኝ። «የሽልማት ወረቀት መስሏቸው ይሆናል ያልከው፣ ደብዳቤው ላይ እሱን የሚመስል ነገር ነበር?»

«ምንም አልነበረም።»

«ይቅር የምልህ እሱን ነው። ሌላው ስሕተት ነው፤ ለስሕተት ይቅርታ አያስፈልገውም፤ ይታረማል።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከአሊዩ አምባ በኩል ጩኸት ተሰማ። ወታደሮቹ በቃሬዛ የተሸከሙት ነገር አለ። ሬሳም በቃሬዛ ነው የሚመጣው። ሼህ ኑሩ ተነሡና እኔንም ጎትተው አስነሡኝ። ቃሬዛው ሲቀርብ አንድ ቀይ ጺም ያለው፣ አጥንቱ የወጣ ሰው አንገቱን ቀና አደረገ። ሼህ ኑሩን አየ። ከዚያ ሰንሰለቱን አየና ሊነሣ ሲታገል ሁለት ሰዎች ደግፈው ያዙት።

ደምሴ ለአዛዡ ነገሩን ተናገረ። ሰውየውን ያገኙት ከግራሩ ሥር ነው፤ ሼህ ኑሩ ከተዉለት ውኃ የቀረችው አንድ ጉንጭ ነበረች። የሼህ ኑሩ ጋቢ ተደርቦለት ነበር።

አዛዡ እዚያው እንዳለሁ፣ ከሼህ ኑሩ ጋር እንደታሰርኩ፣ አስተርጉም አሉኝ።

«ጥለውህ የሄዱት ስንት ናቸው?»

«ስምንት» አለ እንግሊዙ።

«እኚህ ሰውስ?»

ሰውየው የመለሰውን ቃል በቃል ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ ሙሉ ካስተረጎምኩት ሁሉ በጥንቃቄ ያስተረጎምኩት እሱን ነው። «እኚህማ ሕይወቴ ናቸው» አለ።

«ታዲያ ስማቸውን ለምን በደብዳቤው ላይ አልጻፍክም?»

«ደብዳቤውን ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክርነት እጽፋለሁ ብዬ ነው።»

አዛዡ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ቁልፉን ከወታደሩ ተቀብለው የሼህ ኑሩን እጅ በገዛ እጃቸው ፈቱ። ዝቅ ብለውም ይቅርታ ጠየቁ። ሰዉ ሁሉ እያየ ነው ይህን ያደረጉት። ሼህ ኑሩ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ሰውየው ድኗል» ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም። ከዚያ አዛዡ ወደ እኔ ዞሩ። ተባረህ ወደ ሰላ ድንጋይ ሂድ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ከእንግዲህ ብቻህን አታነብም» አሉኝ። «ያቺ ሴት ትጠራ። አንተ ፊደሉን ታነባለህ፤ እሷ ትሰማሃለች። ሁለታችሁ የተስማማችሁበትን ብቻ ንገሩኝ።»

እንዲህ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤ ሲመጣ እትዬ ዘሃራ በበቅሎ ይወጣሉ፤ ወይም እኔ እወርዳለሁ። መጀመሪያ የከተማው ሰው አሾፈብኝ። እኔ ግን አላፈርኩም፤ ማፈሩን ቁራኛ ሆኜ ጨርሼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በአስተርጓሚነት ኖርኩ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት የሰው ቋንቋ ተምራችሁ ለሌላ የምታደርሱ ትኖራላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። የማታውቁት ነገር ሲገጥማችሁ «ቆዩኝ፣ ልጠይቅ» በሉ። ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር እኔ ሰንሰለት አስፈልጎኛል። አንድ ፊደል፣ አንድ ትንሽ ግስ፣ ብዙ ሰውን አንድ አድርጎ፣ አንዱን ንጹሕ ሰው ደግሞ የብዙዎች በደል ተሸካሚ ሊያደርገው ይችላል። ጥፋቱ የቋንቋው አይደለም። ደብዳቤው ልክ ነበር፤ ሼህ ኑሩም ልክ ነበሩ፤ መሃል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ሼህ ኑሩ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ወደ ባሕር ወርደው ተመልሰዋል። ባለፉ ቁጥር ቤቴ ጎራ ይላሉ፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። በመጨረሻ ያረፉት አሊዩ አምባ በገዛ ቤታቸው ነው። ቀብራቸው ላይ ከአንኮበር የወረድነው ክርስቲያኖች ስፍር ቁጥር አልነበረንም።

እትዬ ዘሃራን ስላስተማሩኝ ምን ልክፈልዎ ብዬ ስጠይቃቸው «ፊደሉን አሳየኝ» አሉኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ሰማሁት፤ መልኩን አላውቀውም።» ቋንቋውን ስለሚያውቁት ቶሎ ያዙት፤ ሦስት ወር አልፈጀባቸውም። አንድ ቀን ከሚሰፉት ልብስ ቀና ብለው ፊደል የማሳይበትን ሰሌዳ ከእጄ ወሰዱና፣ እኔ ሳላዛቸው አንድ ቃል ጻፉ። ለማንበብ ሞከርኩ። የእንግሊዝ ቃል አይደለም፤ የአማርኛም አይደለም።

«ከጊቤ ማዶ እናቴ ያወጣችልኝ ስሜ ነው» አሉ። «ዘሃራን ያወጡልኝ ኋላ ነው። ያን ስም ከተሰረቅሁ ወዲህ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ልክ መጻፌን አንተ ንገረኝ፤ አንብበው።»

አነበብኩት።

መርፌውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንደገና» አሉኝ።

እንደገና አነበብኩት።